ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት ለድሬ ሰው ያዋጣል ወይ? የአንድ ክር ውሎ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተነሣውን ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች፣ የከፈተው ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ከቪዲዮ የለቀመውን ዝርዝር አስቀምጧል፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት፣ አንድ ሰዓት ስፖርት፣ ሠላሳ ገጽ ማንበብ፣ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ፣ ስኳርን እርግፍ አድርጎ መተው። ሁሉም በአንድ ሰኞ ተጀምረው ሃያ አንድ ቀን ከተያዙ ልማድ ይሆናሉ መባሉን ጠቅሶ፣ ይህ ነገር በድሬዳዋ ሙቀት ይሠራል ወይ ሲል ጠየቀ። ከሥሩ በአንድ መስመር፣ የሚተኛው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ መሆኑንና ከምሳ በኋላ ጫት እንደሚቅም ጨመረ። የክሩን አቅጣጫ የወሰነችው ያቺ መስመር ናት፤ ሰዉ ዝርዝሩን ትቶ እሷን ያዘ።

1ኛው መልስ በርታ ከማለት ያለፈ ነገር የለውም። 2ኛው ግን ቁጭ ብሎ የጻፈ ነው። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ.፣ ፊታቸው የተቀየረላቸው ታካሚዎች አዲሱን መልካቸውን ለመላመድ ቢያንስ ሃያ አንድ ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው መጻፉን ገለጸ። ነገሩ ስለ መልክ እንጂ ስለ ስፖርት አልነበረም፤ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ነው ሕግ የሆነው። ከዚያ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን የለንደን ጥናት አመጣ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው፣ አንድ ልማድ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን ከ18 እስከ 254 ቀን፣ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን እንደሚወስድ አገኙ። ከቁርስ ጋር አንድ ብርጭቆ ውሃ የመጠጣት ዓይነት ቀላል ነገር ቶሎ ይይዛል፤ ስፖርት ይዘገያል። አንድ ቀን መዝለል ሥራውን አያበላሽም።

3ኛው መልስ ሰጪ ሰላምታ አያውቅም። ጥናቱ የቆየው 12 ሳምንት ብቻ ስለሆነ 254 ቀን የሚለው ማንም ሰው ላይ የታየ ሳይሆን በስሌት ተራዝሞ የተገመተ ነው ብሎ 2ኛውን ነቀፈ። እውነቱን ነው፤ ግን ለጠያቂው የሚለውጥለት ነገር የለም፤ 2ኛውም ተቀብሎ አለፈ።

4ኛው የሒሳብ ሰው ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት መነሣት አራት ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው። ለአዋቂ የሚመከረው ቢያንስ ሰባት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ የሚወድቀው ፍላጎት ስላነሰ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ሒሳቡ ስለማይሞላ ነው። ወደ 11 ሰዓት መሄድ የሚፈልግ ሰው ከመነሻው ሳይሆን ከመተኛው ይጀምር፤ በየሦስት ወይም አራት ቀኑ መኝታውን ሩብ ሰዓት ያስቀድም፤ በአንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ለማስቀደም የሞከረ አልጋ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል። በዚያ ላይ ድሬ ውስጥ ሰው ከሰው የሚገናኘው ሙቀቱ በረድ ሲል ማታ ስለሆነ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ልተኛ የሚል ሰው ጓደኛ አይኖረውም። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝቶ 12 ተኩል መነሣት ለዚህ ከተማ ይበቃል ብሎ ደመደመ። ከክሩ ሁሉ ይቺን ሒሳብ ነው የወደድኩት።

5ኛው ከሐረር ነው፤ ሐረሮች በዚህ ጉዳይ ዝም ብለው አያውቁም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬ 1,200 ገደማ መሆናቸውን አስልቶ፣ ጀጎል ውስጥ በብርድ ልብስ ተኝቶ ማለዳ መነሣት ምንም እንደማይከብድ ነገረን። 6ኛው፣ ጠያቂው ቤት እንዲቀይር ነው ወይ የምትመክረው ብሎ መለሰለት። ከዚህ በኋላ ሁለቱ እስከ ክሩ መጨረሻ አልተስማሙም።

የክሩ ወገብ 7ኛው መልስ ነው። ጻፊው መድኃኒት ቤት የሚሠራ ይመስላል። ጫት ውስጥ ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ስለሚፈርስ ነው ከአወዳይ የሚመጣው በጥድፊያ፣ በኮባ ተጠቅልሎ የሚጓዘው። ሰውነት ውስጥ ካቲኖን ቶሎ ይቀንሳል፤ ካቲን የሚባለው ሌላው ንጥረ ነገር ግን ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የቃመ ሰው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹን ይዞ ነው አልጋ ላይ የሚወጣው። ቡናም እንደዚያው ነው፤ ካፌይን ግማሹ የሚወጣው በአምስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ በርጫው (የመቃሚያው ቁጭታ) ላይ የተጨመረው ቡና ሌላ ሸክም ነው። ምርቃናውን ለመስበር የሚወሰደው ጨብሲ፣ መጠጡ ማለት ነው፣ ቶሎ ያስተኛል፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል፤ ጠዋት የሚሰማው ድካም ከዚያ የመጣ ሆኖ ሳለ ሰዉ በሙቀቱ ያመካኛል። ምክሩ አጭር ነበር። ምሳ በደንብ ተበልቶ ይቃም፣ ምክንያቱም ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ በርጫው ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ይነሣ፤ የመጨረሻው ቡና ከ9 ሰዓት አይለፍ።

8ኛው ተቆጣ። ይህ ሁሉ ቅጠል ለማሳመር ነው፣ ራሱን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ዛሬውኑ ይጣለው ብሎ ጻፈ፤ ጠያቂውንም ሰነፍ አለው። 9ኛዋ፣ በአነጋገሯ የክሊኒክ ነርስ የምትመስል፣ መጀመሪያ ስድቡን እንዲያነሣ ጠየቀችው፤ ቀጥላ ማቆም ጥሩ መሆኑን ሳትክድ እንዴት እንደሚቆም ዘረዘረች። ለዓመታት በየቀኑ የቃመ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ድብታ፣ ብስጭት፣ የሐራራ ስሜትና ሌሊት ዱካክ የሚባለው ቅዠት ይመጡበታል፤ ይህንን ሳያውቅ የገባ ሰው ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ ወደ ኢጀባና፣ ጠዋት ወደሚቃመው፣ ይመለሳል። መጀመሪያ የጠዋቱ ይቁም። ቀጥሎ የበርጫው መነሻ ሰዓት ሳይነካ መድረሻው በየሳምንቱ በግማሽ ሰዓት ይጠር። ከዚያ የሚገዛው መጠን በሩብ ይቀነስ፤ ገራባውን፣ የተረፈውን ቅጠል፣ ለነገ ማስቀመጥ የለም። በመጨረሻ የማይቃምባቸው ሁለት ቀናት ይመረጡ፣ ተከታታይ ባይሆኑ ይሻላል። ዱካክ ሲመጣ ሰውነት የተነፈገውን የሕልም እንቅልፍ እያካካሰ ነውና ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ይለቃል። ከባድ ድብርት የያዘው ወይም ለመተኛት ኪኒን መዋጥ የጀመረ ሰው ግን ሐኪም ያነጋግር እንጂ ክር አያንብብ አለች። 8ኛው አልተመለሰም።

ወሬው ወደ መኝታ ክፍል ሙቀት ዞረ። 10ኛው ያነሣው ነገር ለድሬ የተሠራ ይመስላል። ሰውነት እንቅልፍ የሚይዘው ውስጡ ሲቀዘቅዝ ነው። ከመኝታ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አስቀድሞ ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ መታጠብ ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣዋል፣ ሙቀቱም ከዚያ ይወጣል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ የቆዳውን ደም ሥር ስለሚያጠብ ለጊዜው ደስ ይላል እንጂ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀረዋል። ሌላ ከተማ ሰው ለዚህ ውሃ ያሞቃል፤ እዚህ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ማታ ሲከፈት ውሃው ራሱ ለብ ብሎ ይወርዳል።

11ኛው ይህን ተቀብሎ የራሱን ጨመረ፤ በባልዲ ውሃ ሞልቶ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥና እርጥብ አንሶላ ከማራገቢያው ፊት መስቀል። አየሩ ደረቅ እስከሆነ አንሶላው ይሠራል፤ ውሃው ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ዝናብ ዘንቦ አየሩ ሲከብድ ግን ቤቱን ከማርጠብ በቀር ጥቅም የለውም፤ ማራገቢያም ቢሆን የክፍሉ ሙቀት 40 ዲግሪ ካለፈ ትኩስ አየር ስለሚነፋ የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። ስሕተቱ ባልዲው ነበር፤ 12ኛው ወዲያው ያዘው።

12ኛው አነጋገሩ ስለታም ነው፤ ይዘቱ ግን የሚጣል ነገር የለውም። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ የገባባት ከተማ ናት፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤዴስ የተባለችው ትንኝ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን ሰው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው አዲሷ የወባ ትንኝም ባልዲ፣ በርሜልና ታንከር ትወዳለች። ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ስለሚፈጅ፣ የውሃ ዕቃ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ይደፋ፤ መድፋት ብቻውን ግን አይበቃም፣ እንቁላሉ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ በብሩሽ ይፈተግ፤ የሮቶው ክዳን ይገጠም። በሙቀት ጊዜ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ የሚተኛም አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ይወትፍ። ኤዴስ ደግሞ በቀን ስለምትነክስ የቀትር እንቅልፍም ከአጎበር ውጭ አይሁን። ከዚህ ሁሉ በኋላ 11ኛውን ትንኝ አርቢ ብሎ ጠራው። ይቺ አታስፈልግም ነበር።

ቀትር ሲነሣ ስለ ቀትር እንቅልፍ ተጠየቀ። 13ኛው ባጭሩ፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ፣ ከ9 ሰዓት በፊት ካለ ይጠቅማል፤ ሰዓት ከሞላ ሰው ከጥልቅ እንቅልፍ መሃል ስለሚነሣ ፈዞ ይውላል፣ የማታውንም ይቀማዋል ብሎ ዘጋው።

ከ14 እስከ 17 ያሉት የውሃ ጠብ ናቸው። 14ኛው ሦስት ሊትሩን ደግፎ፣ ላብ ለሚያልበው የድሬ ሰው በእያንዳንዱ ሊትር ላይ ጨው እንዲጨመርበት መከረ። 15ኛው ይህን ሲያይ ቁጣው ገነፈለ። ወጡ ላይ ጨው አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በቀን አምስት ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ ግፊት ያለበት ሰው ይህን ምክር አንብቦ ቢከተል ማን ይጠየቃል? የጨውና የስኳር ውሃ ቦታው ተቅማጥ ነው፤ ልኩም በግምት አይሆንም፣ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ጨው ከበዛ ሕፃን ይጎዳል፣ ስኳር ከበዛ ተቅማጡ ይብሳል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የተዘጋጀው ፓኬት ካለ እሱ ይቀድማል። 16ኛው ሁለቱን አስታረቀና ስለ መጠኑ የተሻለውን ተናገረ፦ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ሽንቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው፤ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ውሃ አንሷል። ፀሐይ ላይ የሚሠራ በየሩብ ሰዓቱ ወይም በየሃያ ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ይጠጣ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጋት ግን የደሙን ጨው ስለሚያቀጥን ራሱ ያሳምማል። ሱቅ ውስጥ ለሚውል ጠያቂ፣ አንድ ጆግ ከሒሳብ ማሽኑ አጠገብ አስቀምጦ ከምሳ በፊት መጨረስ ይበቃዋል። 17ኛው ጀሪካን ውሃ ስንት እንደገባ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ስኳሩን 18ኛው ወሰደው። አንድ ልክክ ያለ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ነው። ሦስት ማንኪያ የሚገባበት ሻይ አምስት ጊዜ ከተጠጣ 60 ግራም ይሆናል፤ የሚመከረው ከ50 እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ነው። በርጫ ላይ የሚጠጣው ለስላሳ በአንድ ጠርሙስ ብቻ ከ30 ግራም ያላነሰ ይጨምራል። እርግፍ አድርጎ መተው የሚያስጠላው ምላስ ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብቻ ከተቀነሰ ምላስ ሳያውቅ ይከተላል። ቅርንፉድና ቀረፋው በዛ ሲል ስኳሩ ማነሱ አይታወቅም። ለበርጫውም ለስላሳው በውሃ ይተካ፣ ፔርሙስ ውስጥ በረዶ ተደርጎ።

እዚህ ላይ ክሩ ጠፋ። 19ኛው የስኳር ወሬ ሲያነብ ጣፋጩ ሙሸበክ አማረኝ አለ፣ 20ኛው ቀፊራ ገበያ ያለውን አወደሰ፣ የሐረሩ 5ኛው ተመልሶ ሐላዋ ከሐረር ውጭ የለም አለ፣ ሌላው ፈቲራ በማር ነው ወይስ በዕንቁላል የሚል ጥያቄ ጣለ። 22ኛው ደግሞ 16ኛው በዕድሜ የገፋ ሰው መሆኑን ገምቶ፣ ሌሎቹ አንተ እያሉ በመጻፋቸው ገሠጻቸው። 23ኛው፣ አቦ፣ ድሬ ውስጥ ሁሉም አንተ ነው ብሎ አሳቀን። አወያዩ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ለመነ።

የመለሰችን 24ኛዋ ናት። ጠያቂው የጻፈው አንድ ሰዓት ስፖርት ከየት መጣ ብላ ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ነው። በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን 150 ይሞላል፤ እየተራመዱ ማውራት ይቻላል፣ መዝፈን ግን ያቅታል፤ የፍጥነቱ ልክ ይህ ነው። ቦታውንም ለየች፦ ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መራመድ ለሚፈልግ፣ ልል አሸዋ ከደረቅ መሬት ሁለት እጥፍ ያህል ጉልበት ስለሚበላ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ ጫማ ካልለበሰ ግን ብርጭቆ ስባሪ አለ። 25ኛው በጨዋነት አንድ ነገር ጨመረ፤ ሐምሌና ነሐሴ ደቻቱ ውስጥ አይገባም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ውሃው የወረደው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ ሰማዩ ከተማው ላይ ጥርት ማለቱ ምንም አያረጋግጥም።

26ኛው መልስ ሁሉንም ያሰረ ነው፣ ቢረዝምም። ልማድ ሰዓት ላይ ሳይሆን ቀድሞ በየቀኑ በሚሆን ነገር ላይ ይንጠልጠል የሚል ነው ሐሳቡ፤ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው እንዲሁ አስባለሁ ከሚለው የበለጠ እንደሚፈጽም አሳይቷል። ለድሬ ከሁሉ የሚሻለው ማንጠልጠያ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰማው የመግሪብ አዛን ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማዋል፣ ከፀሐይ ጋር ስለሚሄድ ደግሞ ወሩ ሲቀያየር ራሱ ያስተካክላል። ሶላት የሚሰግደው ከሶላቱ በኋላ፣ የማይሰግደው አዛኑን ሲሰማ ጫማውን ያጥልቅ። ንባብ ከቡናው በረካ ጋር፣ ውሃው ሱቅ ከመክፈት ጋር። እያንዳንዱ ልማድ የክፉ ቀን ልክ ይኑረው፦ እርምጃው አምስት ደቂቃ፣ ንባቡ አንድ ገጽ። አንድ ቀን ቢዘለል ምንም አይደለም፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ግን አይዘለል። በአንድ ጊዜ አንድ ልማድ ብቻ ይጀመር፤ ግድግዳ ላይ ባለው ካሌንደር ምልክት ይደረግበት፤ ምልክቱን ማድረግ ራሱ እስኪሰለች ድረስ ሁለተኛው አይጨመር።

27ኛው አንድ ቀዳዳ አገኘበት። ረመዳን ሲገባ መግሪብ ማለት ማፍጠሪያ ነው፤ በባዶ ሆድ ተራምዶ ሹርባው ላይ መድረስ አይሆንም። ለጾም ወራት ሌላ ማንጠልጠያ አስቀድሞ ይወሰን፦ ከተራዊሕ ሶላት በኋላ፣ ለሁዳዴ ጿሚ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ። ሳይወሰን የተደረሰበት ጾም ነው አብዛኛውን ልማድ የሚያፈርሰው፤ ከበዓሉ በኋላ የሚመልሰው የለም። 26ኛው ተስማማ። 28ኛው ስልክን አስታወሰ፤ የሌሊቱ የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚረክስ ሰው ቪዲዮውን ለማየት ያመሻል፤ ማውረጃውን አስነሥቶ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ትቶ ቢተኛ ያው ቪዲዮ ጠዋት ይጠብቀዋል።

ጠያቂው ተመለሰ። የወሰዳቸው አምስት ነበሩ፦ ከበርጫ በቀኑ 11 ሰዓት መነሣት፣ ከመኝታ በፊት መታጠብ፣ ጆግ ውሃ፣ ስኳር በግማሽ ማንኪያ፣ እርምጃ ከመግሪብ በኋላ። 26ኛው አሁንም አምስት ናቸው ብሎ ሦስቱን ሰረዘበት፤ የበርጫው ሰዓትና እርምጃው ብቻ ቀሩ፣ ምክንያቱም በርጫው ካልተነሣ እግር አይነሣም። ጠያቂው ስኳሯን እንዲያስቀርለት ተከራከረ፤ አልተፈቀደለትም።

መጨረሻ ላይ የመጣው ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ነው። አዛኑም በረካውም ለሱ አይሆኑም። 9ኛዋ መለሰችለት። ማንጠልጠያው የፈረቃ ርክክቡ ይሁን። ቡናውን በሥራው የመጀመሪያ አጋማሽ ይጨርስ፣ ከሥራ ሲወጣ መነጽር አድርጎ ከፀሐዩ ዓይኑን ይከልል፣ ምንም ቢሆን በርጫ ላይ ሳይቀመጥ ቀጥታ ቤቱ ይግባ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ስለሚግል፣ ጠዋት 1 ተኩል ላይ ከተኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያገኛል፤ የቀረውን ማታ ሥራ ከመግባቱ በፊት አራት ሰዓት ተኩል አድርጎ ይጨምር። መስኮቱ ላይ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ፣ ከላይ አጎበር፣ በሩ ላይ ደግሞ ለጎረቤት ልጆች የሚነበብ ወረቀት።